ባዶው ሰርቨር ውስጥ የቀረው ገበሬ

ከወሬው በፊት አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲጀመር ተነስቼ ከክፍሉ የምወጣ ሰው ነኝ። ደብረ ማርቆስ ሳድግ ሰፈራችን ዛር የያዘውም ቡዳ የበላውም አያጣም ነበር፣ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ "ገመዱ ላልቶ ይሆናል" ባይ ነበርኩ፣ ኋላም ኮምፒውተር ተምሬ ለሥራ ጭሮ ስመጣ ይኸው ጠባይ ባሰብኝ። አከራዬ ቴሌቪዥናቸው በራሱ ጣቢያ ይቀይራል፣ ጂን ገብቶበታል ብለው ሼህ ሊያስጠሩ ሲሉ ሪሞቱን ከተቀመጡበት ፍራሽ ስር ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሰውየው እስከ ዛሬ ደስ አላላቸውም።

ደግሞ ጫት አልቅምም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም፣ ጭሮ ውስጥ ይህን ነገር ለማን ብነግር የመጀመሪያው ጥያቄ "የየት ነበር ጫቱ?" ስለሆነ ነው። የየትም አልነበረም። ሌሊትም አልነበረም፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝታለች። እመኑኝ፣ ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ በተገላገልኩ።

የምሠራው ሐጃ ዘሃራ የሚባሉ የቡና ነጋዴ ዘንድ ነው። መጋዘናቸው ወደ ሐረር በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው፣ የእኔ ቢሮ ከመጋዘኑ ጋር በአንድ በር የሚገናኝ ጠባብ ክፍል ነው፣ ማዳበሪያው ጆንያው ሁሉ እኔ ዘንድ ይሸታል። ሐጃ ስልሳን ያለፉ ሴት ናቸው፣ ግን ዱባይ ያለው የወንድማቸው ልጅ በየቀኑ ቪዲዮ ስለሚልክላቸው፣ በመረጃ ማከማቻ ጉዳይ ዓለም የደረሰበትን ከእኔ በፊት ይሰማሉ። ጠዋት በር ላይ ይጠብቁኛል። "ያ ጌታሁን፣ የሚሽከረከር ዲስክ ቀርቷል አሉ፣ የማይሽከረከር መጥቷል፣ እኛ ምን ያሽከረክረናል?" ይላሉ። በሌላ ቀን ደግሞ፣ "ሌባ በኢንተርኔት መጥቶ ፋይልህን ቆልፎ ክፈል ይልሃል አሉ። ማንም የማይሰርዘው ኮፒ አለ፣ እሱን አድርግልኝ፣ ዛሬ!" ይሉኛል። ተማርኩ ብዬ የመጣሁት ሰውዬ ቤቴ ገብቼ ስለማይሰረዝ ኮፒ ማንበብ ጀመርኩ፣ ተናድጄ ነው የማነበው።

ነገሩን ያመጣው ግን የሐጃ ቪዲዮ ሳይሆን የውጭ ገዢዎች ናቸው። ድሮ ቡናውን ቀምሰው፣ ወደውት ይገዙ ነበር፣ አሁን ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ ካላዩ አይነኩትም፣ እያንዳንዱ ገበሬ ማሳው ፊት ቆሞ የተነሳው ፎቶ፣ ከፎቶው ጋር ማሳው በካርታ ላይ ያለበት ቦታ፣ ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ተቀምጦ ሲጠየቅ መገኘት አለበት። ዛሬ ቡና ብቻውን አይሸጥም፣ መረጃው ቀድሞ ይሄዳል፣ ቡናው ይከተላል። ፎቶውን የሚያነሳልን ቶፊቅ ነው፣ መቻራ ያለው ወኪላችን፣ በሞተር ሳይክል ያንን መንገድ ወጥቶ ወርዶ የማይደርስበት ማሳ የለም። ቶፊቅ አንድ ችግር ብቻ አለበት፣ ባነሳው ፎቶ ሁሉ ጥግ ላይ አውራ ጣቱ አለ። ስንት ጊዜ ነገርኩት። "አቦ፣ ጣቴም ይታወቅ፣ ለፍቻለሁ" ይለኛል።

ይህ ሁሉ ፎቶ ቢሮዬ ጥግ ባለች ሰርቨር ውስጥ ነበር፣ ሰርቨር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ የጫማ ካርቶን የምታክል ሳጥን ናት፣ ውስጧ ሁለት ዲስክ አለ፣ አንዱ የሌላው ቅጂ ነው። አርጅታለች፣ ትግላለች። ስለዚህ መረጃውን በኢንተርኔት ወደ ኪራይ ማከማቻ፣ ክላውድ ወደሚሉት፣ እናሳልፈው ብዬ ለሐጃ አቀረብኩ።

"የት ሀገር ነው የሚቀመጠው?" አሉኝ።

"አውሮፓ ውስጥ አንድ ቦታ ነው፣ ሐጃ።"

"ቪዛ ሳይጠየቅ?" ብለው ሳቁ፣ ከዚያ ግን ፊታቸው ቁም ነገር ሆነና እዚያው ቡና የሚለቅሙት ሴቶች መሃል እጃቸውን ዘርግተው፣ ለመንገደኛ የሚደረገውን ዱዓ አደረጉለት፣ በሰላም ይግባ፣ ክፉ አይግጠመው፣ ሴቶቹም አሚን አሉ። እኔም አሚን አልኩ። በእኛ ኔትወርክ ያን ሁሉ ፎቶ አውሮፓ ለማድረስ ከዱዓ ሌላ ምን ተስፋ ነበረኝ?

ጉዞው ሳምንታት ፈጀ፣ መብራት ይሄዳል፣ መስመር ይቆረጣል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ከዚህ በደሳ ከተማ ድረስ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድመው ነበር። ሊያልቅ ሲል ሐጃ ቢሮዬ መጡና ሳጥኗን ቁልቁል እያዩ፣

"ሲያልቅ ይቺን ምን ታደርጋታለህ?" አሉኝ።

"አጽድቼ ለጥበቃ ካሜራው አደርጋታለሁ።"

"እስከ ታች አትጥረጋት።"

"እንዴት ማለትዎ ነው?"

"እህል ከጎተራ ሲወጣ እስከ ታች አይጠረግም። አንድ እፍኝ ይቀራል፣ ለበረካ። ሙልጭ ብሎ የተጠረገ ጎተራ ባለቤት የለውም፣ ማንም ይገባበታል።"

"ሐጃ፣ ይሄ እኮ ማሽላ አይደለም።"

"ማሽላ አላልኩህም፣ ጎተራ ነው ያልኩህ። አንድ ነገር ተውበት። የፍየል ፎቶም ቢሆን።"

እሺ አልኳቸው። በሀገራችን እሺ ስንት ዓይነት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ የእኔ "እርስዎ ይሂዱልኝ" የሚለው እሺ ነበር። ወጡልኝ፣ የመጨረሻው ፎቶ ማለፉን አየሁ፣ ጠረግኳት። ጠራርጌ ደግሜ ጠረግኳት፣ ፍየል አልተውኩም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ከገዢዎቹ መልእክት መጣ። ያስመዘገባችሁት የገበሬ ቁጥር ከፎቶዎቹ በአንድ ይበልጣል፣ አንድ ሰው ጎድሏል፣ ዛሬ ቢሯችን ከመዘጋቱ በፊት ካልተሟላ ቡናውን አንቀበልም፣ ከሌላ እንገዛለን ይላል። ጆንያው ከግድግዳው ወዲያ ተደርድሯል፣ የመቻራ ገበሬ ሐጃን አምኖ ያስረከበው የዓመት ልፋት ነው፣ እሱ ቢመለስ ሐጃ ሰው ፊት እንዴት ይቆማሉ? እኔስ? ደብረ ማርቆስ ሻንጣዬን ይዤ ስገባ ታየኝ።

ቶፊቅ ጋ ደወልኩ። ሰዓቱ የበርጫ ነው፣ ሰው ሁሉ ጫት ላይ ተቀምጧል፣ ከጀርባው የሰው ጨዋታ ይሰማል።

"ወላሂ ሁሉንም አንስቻለሁ!"

"ታዲያ ስልክህ ላይ ይኖራል፣ የጎደለውን ፈልገህ ላክልኝ።"

"ስልኬ ላይማ የለም። ክላውድ ገብቷል ብለህ አልነበር? ለሙዚቃ ቦታ አጣሁ፣ አጠፋሁት።"

እንግዲህ የጎደለው ፎቶ፣ ማን እንደሆነ እንኳ የማላውቀው ሰውዬ፣ ያለው ትናንት ሙልጭ አድርጌ በጠረግኳት ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር ማለት ነው። የሐጃ እፍኝ ትዝ አለችኝ፣ ትዝ ስላለችኝም በራሴ ተናደድኩ።

በዚያ ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ዘበኛ በርጫ ላይ ነው፣ ለቃሚዎቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል፣ በዚያ ሰዓት ጭሮ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር ጫት ጭኖ የሚበር አይሱዙ ብቻ ነው፣ እሱም ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈና ጸጥ አለ። ላፕቶፔ በባትሪው፣ ስልኬ በራሱ መስመር ይሠራሉ። ራሴን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ሽርርርርር አለ።

ቡና ከጆንያ ወደ ጆንያ ሲገለበጥ የሚሰማው ድምፅ ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምሰማው፣ አልሳሳትም። ሌባ ገባ ብዬ መጋዘኑን ከፈትኩ። ማንም የለም፣ ጆንያዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው፣ አንዲት ድመት ብቻ ጆንያ ላይ ቁጢጥ ብላ እኔን አልፋ ወደ ቢሮዬ ታያለች። ዞር አልኩ። ድምፁ የሚመጣው ከሳጥኗ ነው። አረንጓዴ መብራቷ በርቷል።

ባትሪ ነው አልኩ ለራሴ፣ መብራት ሲሄድ የሚደግፋት ባትሪ አላት፣ ሳቅ ቢጤም ሳቅኩ። ሶኬቷን ከባትሪው ነቀልኩ። ሽርርር። ገመዱ እጄ ላይ ነው፣ መጨረሻውን አየዋለሁ፣ ምንም አልተሰካም፣ እሷ ትገለብጣለች። ውስጧ የቀረ ኤሌክትሪክ ነው አልኩ፣ እንዲህ ዓይነቱ የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ እንደማይቆይ ጠንቅቄ የማውቅ ሰው። ሁለቱን ዲስክ መዝዤ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኳቸው። አሁን ሳጥኗ ባዶ ቆርቆሮ ናት፣ አፏን ከፍታለች፣ በውስጧ የኋላው ግድግዳ ይታያል፣ እመኑኝ ሽርርርታዋ ባሰባት፣ የሚገለበጠው ነገር ሊያልቅ ሲል እንደሚፈጥነው።

"ኧረ ቆይ!" ብዬ ጮህኩ።

ቆመች።

"ይቅርታ" አልኳት። እንዲህ ነው የሆነው፣ አልደብቃችሁም፣ ለቆርቆሮ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ከዚያ ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩ አትጠይቁኝ። ለካሜራው የተገዛ አዲስ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ ፕላስቲኩ እንደታሸገ፣ እሱን ቀድጄ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። አዲስ ዲስክ ሲሰካ ባዶ ነኝ፣ አዘጋጀኝ ነው የሚለው። ይሄ ምንም አላለም፣ ተከፈተ፣ ውስጡ አንድ ፎቶ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሽርጥ ታጥቀዋል፣ ኮፍያ አድርገዋል፣ ከኋላቸው ቡናው ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ቀይ ለብሷል። ሌሎቹ ገበሬዎቻችን ፎቶ ሲነሱ ፖሊስ እንደያዘው ሰው ነው የሚቆሙት፣ እኚህ ግን ፈገግ ብለዋል፣ ማን እንደሚያያቸው ያወቁ ይመስላሉ፣ ሁለት እጃቸውን ገጥመው ወደ ፊት ዘርግተዋል፣ እጃቸው ውስጥ አንድ እፍኝ ቡና አለ። የማሳው ቦታም አብሮ ተመዝግቧል፣ ከመቻራ ወዲያ ያለ ኮረብታ ነው። ጥጉ ላይ ያ አውራ ጣት አለ። ጣቱን ሳይ ነፍሴ መለስ አለች፣ የቶፊቅ ፎቶ ነው፣ በሆነ መንገድ ተርፏል አልኩና ላክሁት።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እስከ ዛሬ የማላምነው ክፍል ይሄ ነው፣ ገና እጄን ሳላነሳ ፎቶው አውሮፓ ደረሰ። በጭሮ ኔትወርክ! ወዲያው መልሱ መጣ፣ ተሟልቷል፣ ቡናው ይጫን።

በሩጫ ሐጃ ቤት ሄድኩ። ከሴት ጓደኞቻቸው ጋር ፍራሽ ላይ ተደግፈው በርጫ ላይ ናቸው፣ ላቤ እየተንጠባጠበ ነገርኳቸው፣ ጎድሎ ነበር፣ ተገኘ፣ ቡናው ተቀባይነት አገኘ።

"አልሃምዱሊላህ!" አሉ። ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፣ "እኔ ነኝ አንድ እፍኝ ተው ያልኩት" ብለው ተኩራሩ።

አዎ ብል ምን ነበረበት? ግን በዚያ ሰዓት ልቤ ውሸት የሚችል አልነበረም።

"አልተውኩም ሐጃ። እስከ ታች ጠርጌዋለሁ።"

ሊቀነጥሱት ያነሱትን የጫት እንጨት መልሰው አስቀመጡት።

"እና ማን ተወው?"

አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ቀስ ብለው ትራሳቸውን ይዘው ወደ ሌላው ጥግ ሄዱ፣ እዚያ ቤት እንደዚያ ቀን ሰፊ ቦታ አግኝቼ አላውቅም።

በገበያ ቀን ቶፊቅ ጭሮ መጣ። ፎቶውን አሳየሁት፣ አየ፣ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ሰውየውን አላውቃቸውም" አለኝ።

"እንዴት አታውቃቸውም? ጣትህ ይኸው!"

ስልኩ ላይ አድርጎ ጥጉን አሰፋው። አውራ ጣቱ ላይ የብር ቀለበት አለ፣ ወፍራም፣ ያረጀ። ቶፊቅ ሁለት እጁን አንስቶ አሳየኝ፣ ቀለበት የለም፣ ቀለበት የኖረበት ምልክትም የለም። "ይሄ ጣት የኔ አይደለም፣ ወላሂ" አለና እስኪሄድ ድረስ እጁን ጭኑ ስር ከትቶ ተቀመጠ። ሻይ ሲመጣለት እንኳ አላወጣውም።

እኔ ግን ዝም አላልኩም። የፋብሪካው ስህተት ይሆናል አልኩ፣ ዲስኩ አዲስ ተብሎ የተሸጠ አሮጌ ይሆናል አልኩ፣ አንድ ሰው ቀልዶብኝ ይሆናል አልኩ። ሐጃ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው፣ "እሺ" አሉኝ፣ እሺያቸው የእኔው ዓይነት ነበረች።

ቡናው ተጭኖ ሄደ፣ ገበሬውም ልፋቱ አልተመለሰበትም፣ ነገሩ በዚህ አልቆ ቢሆን ኖሮ ለማንም ሳልናገር በተውኩት። ግን ባለፈው ሰሞን ገዢዎቹ ጻፉልን። ካየናቸው ፎቶዎች ሁሉ እኚህን አባት ወደድናቸው ይላሉ፣ ፈገግታቸው ልባችንን ነካው፣ ምስላቸውን የቡናችን ፓኬት ላይ ልናደርግ እንፈልጋለን፣ ስለዚህ ሁለት ሰዎች መጥተው ማሳቸው ድረስ ሄደው ያነጋግሯቸዋል። ለሐጃ ተርጉሜ አነበብኩላቸው።

"ይምጡ" አሉ። "እንግዳ አትምጣ አይባልም። አንተ አስተርጓሚ ሆነህ አብረሃቸው ትሄዳለህ። ቶፊቅ ደግሞ አስቀድሞ ቦታውን ይይ።"

ለቶፊቅ በስልክ የነገርኩት ይህን ብቻ ነው፣ ካርታውን ልኬልሃለሁ፣ ሂድና ቦታው ላይ ማን እንዳለ እይ። ስለ እንግዶቹ አልነገርኩትም፣ እኔ እንደምሄድም አልነገርኩትም፣ ይፈራል ብዬ። ከሰዓት በኋላ ደወለ፣ ድምፁ ቀጥኗል።

"ያ ጌታሁን፣ ማሳው አለ።"

"ሰውየውስ?"

"ሰው የለም። ቤትም የለም። ወደዚህ ስወጣ ከስር ያለው መንደር ጠየቅኩ፣ እዚያ የሚያርስ የለም፣ የማንም አይደለም አሉኝ። ግን ቡናው ታርሟል። ዛሬ ነው የታረመው፣ አፈሩ እርጥብ ነው።"

"በል ፎቶ አንሳና ተመለስ።"

"ቆይ፣ ዛፉ ስር ተጠርጓል። በርጩማ ተቀምጧል።"

"ስንት?"

"ሦስት። አዲስ ናቸው፣ እንጨቱ ገና ይሸታል። እንግዳ ይመጣል እንዴ?"

ያኔ ነገርኩት፣ ሁለት ፈረንጆች እንደሚመጡ፣ እኔም አብሬ እንደምሄድ። ሞተሩን ሲያስነሳ ይሰማኛል።

"እኔ አልሄድም አቦ" አለኝ። "ቆጥሬያለሁ፣ የኔ የለም።"

እንግዶቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባሉ። አሁንም አላምንም፣ ማብራሪያ አለው፣ የሆነ ቦታ የላላ ገመድ አለ፣ ጊዜ ቢሰጡኝ አገኘዋለሁ። እስከዚያው ግን ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፣ ነውር ነው፣ በተለይ በዚህ አገር። ትናንት ሱቅ ሄጄ ጥሩ አድርገህ ስኳር ቋጥርልኝ አልኩት ባለሱቁን።

"የምትሄደው ለደስታ ነው ለለቅሶ?" አለኝ፣ ወረቀቱን እንደያዘ፣ ቀና ብሎ እያየኝ።

"እኔ አላውቅም" አልኩት።